«ሲስተም የለም» ሲባል፣ ሲስተሙ ማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሰቆጣ ከተማ፣ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ከአክስቴ ጋር ተቀምጫለሁ። አክስቴ የመጡት ከአበርገሌ ገጠር ነው። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ብር ልኮላቸው ነበር። ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና ተጉዘው ደረሱ። ወረፋ ያዙ። ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ቀና እንኳን ሳትል «ሲስተም የለም እማማ፣ ቁጭ ብለው ይጠብቁ» አለቻቸው።

ጠበቁ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መብራት አለ፤ ኔትወርክ አለ፤ የሰዉ ሁሉ ስልክ ይሠራል። ሲስተም ግን የለም።

አክስቴ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ዝግ ባለ ድምፅ «ይሄ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ ምን ነካው? ታሞ ይሆን እንዴ?» አሉኝ።

ያን ቀን ሳቅኩ። ለጓደኞቼም እንደ ቀልድ አወራሁት። ዛሬ ግን አልስቅም። አክስቴ ካሰብኩት በላይ ልክ ነበሩ። ሲስተም የሚባለው ነገር መጨረሻው ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ ኮምፒውተር ላይ ያፈጠጠ አንድ ወጣት አለ። እና አዎ፣ ብዙ ጊዜ ታሟል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ወጣት ሕመም፣ እንዲሁም ብዙም ስለማይወራለት አንድ መድኃኒት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። «ሲስተም የለም» በተባለ ቁጥር ጥፋቱ የሶፍትዌር ነው ማለቴ አይደለም። ዋግ ኽምራ በጦርነቱ ዓመታት መብራትም፣ ስልክም፣ ባንክም ተቋርጦባት የቆየች አካባቢ ናት። ያኔ «ሲስተም የለም» ማለት የምር ምንም የለም ማለት ነበር። የማወራው ሁሉም ነገር እያለ ስለሚጠፋው ሲስተም ነው።

▪️ ትራስ ሥር ያለ ስልክ

አንድ አብሮ አደግ አለኝ። ስሙን አልጠራም። አበርገሌ ቆላ ውስጥ አብረን ፍየል ጠብቀናል። እኔ ወደ ጋዜጠኝነቱ ሄድኩ፤ እሱ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ አዲስ አበባ ውስጥ የገንዘብ ድርጅቶች የሚጠቀሙበትን ሶፍትዌር ከሚሠራ አንድ ቡድን ጋር ተቀጠረ። አገር ቤት ዘመድ አዝማድ «ቁጭ ብሎ ብር ይዝቃል» ይለዋል።

ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው። አርብ ማታ አብረን ቁጭ ስንል ስልኩ ከጠራ ፊቱ ይለዋወጣል። የልጁ ክርስትና ዕለት እንኳን ድንኳኑ ጥግ ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን «ይህን ያህል ሥራው ከባድ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሥራው አይደለም የሚገድለኝ፣ ፍርሃቱ ነው» አለኝ። «በአራት ሰው የተጻፈ ኮድ ወርሻለሁ። ሁለቱ አገር ለቀው ሄደዋል። አንድ መስመር ስነካ ሌላ የት ቦታ ምን እንደሚፈርስ አላውቅም። ስለዚህ እነካለሁ፣ እጸልያለሁ፣ እለቀዋለሁ። ከዚያ ስልኬ እስኪጠራ እጠብቃለሁ።»

ይህን አባባል ከእሱ በኋላ ከሌሎችም ሰምቻለሁ። አነካካሁ፣ ጸለይኩ፣ ለቀቅኩ። የሚገርመው ነገር፣ እዚህ አገር ውስጥ ስለ ሥራ ጭንቀት ስናወራ ሐኪሙን፣ ሾፌሩን፣ መምህሩን እናነሳለን። ፕሮግራመሩን ማንም አያስታውሰውም። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ምን ያስጨንቀዋል?

▪️ ያቺ የአርብ ሌሊት

ምን እንደሚያስጨንቀው ማወቅ የፈለገ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊትን ያስታውስ። በዚያች ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ላይ ማውጣትና ማስተላለፍ እንደሚችሉ ደረሱበት። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ተማሪው ከአልጋው እየተነሳ ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት ዘጋ። በኋላ እንደተገለጸው ነገሩ የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ ባንኩ በራሱ ሲስተም ላይ ሲያካሂድ ከነበረው ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ነው። የባንኩ ኃላፊዎች በተናገሩት መሠረት ያላግባብ የተወሰደው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። አብዛኛው ተመለሰ። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ በአደባባይ ተለጠፈ።

ይህን የማነሳው የባንኩን ጓዳ ለመበርበር አይደለም። በዚያ ሰሞን ስለ ተማሪዎቹ አውርተናል፤ ስለ ባንኩ አውርተናል፤ ስለ ሥነ ምግባር ሰብከናል። በዚያች ሌሊት ስልካቸው ስለጠራው ባለሙያዎች ግን አላወራንም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተቀስቅሰህ የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ገንዘብ እየፈሰሰ እንደሆነ ሲነገርህ ሆድህ ውስጥ የሚሰማህን ነገር አስበው። አንዲት ለውጥ፣ አንዲት ሌሊት፣ መቶ ሚሊዮኖች። እያንዳንዱ የኢትዮጵያ የባንክና የክፍያ ሶፍትዌር ባለሙያ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አዲስ ነገር በለቀቀ ቁጥር ይህችን ሌሊት እያሰበ ነው የሚለቀው።

ፍርሃት ደግሞ ሰውን ጠንቃቃ ያደርገዋል ብላችሁ እንዳታስቡ። የፈራ ሰው ኮድ አያጸዳም፤ በላዩ ላይ ይለጥፍበታል። የፈራ ሰው አይጠይቅም፤ አለማወቁ ይታወቅብኛል ብሎ ይደብቃል። የፈራ ሰው ስህተቱን ቶሎ አይናገርም። ስለዚህ ፍርሃቱ ነገ የሚመጣውን ብልሽት ይወልዳል፤ ብልሽቱ ደግሞ ሌላ ፍርሃት። ከድጡ ወደ ማጡ።

▪️ የፍየል ጠባቂ ብልሃት

ለዚህ ፍርሃት የተበጀ አንድ አሠራር አለ። ቴስት ድሪቨን ዴቨሎፕመንት ይባላል፤ ባለሙያዎቹ ቲዲዲ ይሉታል። ስሙን ያስታወቀው ኬንት ቤክ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከባልደረቦቹ ጋር አሠራሩን አሰራጨው፤ በ2002 ደግሞ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈበት። ቤክ ሐሳቡን «እንደገና አገኘሁት» ይላል እንጂ ፈጠርኩት አይልም፤ የድሮ የፕሮግራም መጽሐፍ ላይ እንዳነበበው ተናግሯል። እኔን የሳበኝ ነገር ሌላ ነው። ይህ ሰው በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ስለ አሠራሩ ሲናገር ከፍጥነትና ከጥራት ባልተናነሰ የሚያነሳው ፍርሃትን ነው። ቲዲዲ በሥራ ላይ የሚመጣን ፍርሃት የመግሪያ መንገድ ነው ይላል።

እንዴት? ለአንባቢ ቀላል እንዲሆን ወደ አበርገሌ ልመለስ።

የአበርገሌ ፍየል ስሟ የታወቀ ነው፤ በራሷ ስም የምትጠራ ዝርያ ናት። ልጅ ሆነን ማለዳ ይዘናት እንወጣለን። ሰነፉ እረኛ ማታ ጉሮኖው በር ላይ ነው የሚቆጥረው። 59። አንዷ የለችም። የት ጠፋች? ማለዳ ገደሉ ጋ? ቀትር ላይ ወንዙ ጋ? ቁጥቋጦው ውስጥ? ጅብ ወሰዳት? እየጨለመ ነው፤ የዋለበትን አገር በሙሉ መልሶ ሊያስስ ነው። ያ ልጅ የሚሰማውን ጭንቀት የቀመሰው ያውቀዋል።

አባቴ ያስተማሩኝ ሌላ ነው። መጀመሪያ ከጉሮኖው ሳትወጣ ቁጥሩን እወቅ። 60። ከዚያ ገደሉን ስታልፍ ቁጠር። ወንዙን ስትሻገር ቁጠር። ጥላ ሥር ስታርፍ ቁጠር። ወንዙ ጋ 60፣ ጥላው ጋ 59 ከሆነ የጠፋችው በወንዙና በጥላው መካከል ነው። ድንጋይ ወርውረህ የምትደርስበት ርቀት ላይ ናት። ሳይመሽ ታገኛታለህ። ማታ ደግሞ ስትተኛ ትተኛለህ።

ቲዲዲ ይኸው ነው። ፕሮግራመሩ ኮዱን ከመጻፉ በፊት «ትክክል ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለውን በትንሹ ይጽፋል። ቁጥሩን ቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። ይህችን ትንሽ ፍተሻ ቴስት ይሏታል፤ እሷም ራሷ ኮድ ናት፣ ኮምፒውተሩ በሰከንድ ውስጥ ያስኬዳታል። ሥራው ገና ስላልተሠራ ቴስቷ ቀይ ታሳያለች። ከዚያ አረንጓዴ እንድትሆን የሚበቃውን ያህል ብቻ ይጽፋል። አረንጓዴ ሲሆን ኮዱን ያጸዳል፤ ሲያጸዳ ቢያበላሽ ወዲያው ተመልሳ ትቀላለች። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ማጽዳት። ከዚያ ሌላ ትንሽ እርምጃ። በወሩ መጨረሻ መቶ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሺህ ቴስት ይኖረዋል። አንድ መስመር በነካ ቁጥር ሺህ ጊዜ ይቆጠርለታል።

ግንበኛ የሆነ አንባቢ ካለ ደግሞ ቱምቢን ያስብ። ግድግዳው ጣሪያ ከደረሰ በኋላ መጣመሙን የሚያይ ግንበኛ የለም። በየድንጋዩ ነው የሚለካው።

▪️ ጳጉሜን የተባለች ፈተና

ነገሩ የፈረንጅ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፣ ለእኛ አገር ባለሙያ የቀረበ ምሳሌ ላምጣ። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጆች ቀን የሚቀይር ፕሮግራም እንበል። ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም ይፈልገዋል። ቸኩሎ የሚጽፍ ልጅ «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ ይጀምራል። ለሦስት ዓመት ልክ ይሆናል። በአራተኛው ይወድቃል። ምክንያቱም ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ቀጣዩ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ይገባል። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነበር።

ቴስት የሚያስቀድመው ልጅ ኮድ ሳይጽፍ ይህን ይጽፋል፦

• ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሲገባ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ይውጣ።
• መስከረም 1 ቀን 2016 ሲገባ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ይውጣ።
• መስከረም 1 ቀን 2017 ሲገባ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ይውጣ።
• ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ሲገባ፣ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይበል።

አራት መስመር። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ቄስ ወይም መሪጌታ ቢያነበው ልክ መሆኑን ሊመሰክር የሚችል ጽሑፍ ነው። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ቴስቱ ሲጻፍ ጥያቄው ይመጣል። የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜን አይከፈለውም፤ ታዲያ የብድር ወለድ በጳጉሜን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ይህን ፕሮግራመሩ ከራሱ አመንጭቶ መመለስ የለበትም። ቴስቱን ሊጽፍ ሲል ይጨንቀዋል፤ ሄዶ የብድር ክፍሉን ሰው ይጠይቃል። ጥያቄው በሥራው መጀመሪያ ተነሣ ማለት ነው። ያለ ቴስት የሚሠራው ልጅ ግን ይገምታል። ግምቱ ስህተት እንደነበር የሚነገረው በጳጉሜን ሌሊት በስልክ ነው።

ሌላ ምሳሌ ከዞናችን ስም ልውሰድ። ዋግ ኽምራ፣ ዋግ ህምራ፣ ዋግኸምራ። ሁሉንም በጋዜጣም በደብዳቤም ላይ አይታችኋል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ። ፀሐይ፣ ጸሀይ። ለሰው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። በሴፍቲኔት ዝርዝር ላይ በ«ፀ» የተጻፈች ሴት፣ መታወቂያዋ ላይ በ«ጸ» ከሆነች፣ ሲስተሙ «አላውቃትም» ሊል ይችላል። እሷ ደግሞ ለዚያች ብር ነው ግማሽ ቀን የተጓዘችው። «ፀሐይ ብዬ ስፈልግ ጸሀይም ትምጣ» የሚል አንድ መስመር ቴስት ቀድሞ ተጽፎ ቢሆን ይህ ስህተት ከአዲስ አበባ አይወጣም ነበር። የእኛን ፊደልና የእኛን ቀን ፈረንጅ አይፈትሽልንም። እኛው ነን።

▪️ ማን ነካው? ወይስ ምን ተነካ?

አብሮ አደጌ በኋላ ቡድን ቀየረ። አዲሱ ቡድን ውስጥ ቴስት ሳይጻፍ ኮድ መጨመር ክልክል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሲያማርር ነበር። «አንድ ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ ሁለት ሰዓት አደረጉብኝ» ይለኝ ነበር። በስድስተኛው ወር ላይ ስጠይቀው መልሱ አጭር ነበር፤ «ስልኬን ሳሎን ትቼ እተኛለሁ።»

ምን ተለወጠ? እሱ እንዳስረዳኝ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሥራው መጨረሻ አገኘ። ድሮ ማታ ከቢሮ ሲወጣ «ጨርሼ ይሆን?» እያለ ነበር፤ አሁን አረንጓዴ ካየ ለዛሬ የተስማሙበት ነገር ተሠርቷል ማለት ነው። ጭንቅላቱ ሥራውን ይዞት ወደ ቤት አይሄድም። ሁለተኛ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ መንካት አይፈራም። አገር ለቆ የሄደው ልጅ ቴስቶቹን ትቶለት ሄዷል፤ ምን አስቦ እንደነበር እዚያ ላይ ተጽፏል።

ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ፣ ወቀሳው ተለወጠ። በእኛ አገር ቢሮ አንድ ነገር ሲበላሽ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነካው?» ነው። ተጠያቂ እስኪገኝ ሥራ አይሠራም። ቴስት ባለበት ቡድን ግን ቀይ የሆነችው መስመር ትታያለች፤ ጥያቄው «ምን ተነካ?» ይሆናል። ነገሩ ከተስተካከለ በኋላ ያ ስህተት ዳግም እንዳይመለስ አንድ ቴስት ይጨመራል። ስህተቱ ትምህርት ሆኖ ይቀራል፤ የሰው ስም አብሮት አይቀርም።

«ማን ነካው?» የሚለው ጥያቄ የት ሊያደርስ እንደሚችል እንግሊዞች ያውቁታል። የፖስታ ቤታቸው ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሶፍትዌር የሌለ ጉድለት እያሳየ፣ ድርጅቱ «ሲስተሙ አይሳሳትም» በማለቱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ፖስታ ቤት ሠራተኞች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፤ ቤታቸውን ያጡ አሉ፤ ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። ፍርዱን በጅምላ የሚሽር ሕግ የወጣው በ2024 ነው። ሲስተም ሲታመም መጀመሪያ የሚመታው መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ምስኪን ነው። ለአክስቴ ቀና ብላ ያላየችው ልጅም ቢሆን ቀኑን ሙሉ የሰው ስድብ ስትጠጣ የዋለች ልጅ ናት።

▪️ «ጊዜ የለንም»

የአለቆች መልስ ይታወቃል። «ጥሩ ነው፤ ግን ጊዜ የለንም።»

ቁጥሩን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ሦስት የማይክሮሶፍትና አንድ የአይቢኤም ቡድኖችን ተመልክቷል። ቴስት ያስቀደሙት ቡድኖች፣ ያላስቀደሙ ተመሳሳይ ቡድኖች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ምርቱ ከመውጣቱ በፊት የተመዘገበባቸው የስህተት መጠን ከ40 እስከ 90 በመቶ ያነሰ ነበር። ዋጋ አስከፍሏል? አዎ። በመሪዎቹ ግምት የመጀመሪያው ሥራ ከ15 እስከ 35 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ ወስዷል። እንግዲህ ምርጫው ይህ ነው። ያንን ጊዜ ቀን በብርሃን፣ ተረጋግቶ መክፈል፣ ወይም ሌሊት በስልክ፣ ከነወለዱ መክፈል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ለሶፍትዌር የተነገረ ይመስላል።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ወገን ልስማ። ከራሳቸው ከባለሙያዎቹ መካከል ይህን አሠራር የሚተቹ አሉ። ሩቢ ኦን ሬይልስ የተባለውን ታዋቂ የፕሮግራም መሣሪያ የፈጠረው ዴንማርካዊ ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ2014 «ቲዲዲ ሞቷል» ብሎ ጽፎ ትልቅ ክርክር አስነስቷል። ለቴስት ሲባል ብቻ ኮዱ ይጣመማል፤ ሃይማኖት አድርጋችሁታል ነው ክሱ። ጀማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም መጀመሪያ ላይ አሠራሩን እንደማይወዱት አሳይተዋል። አብሮ አደጌም ሦስት ወር ሲያማርር ነበር፤ አልዋሽም። ፍየል በየወንዙ መቁጠርም ለልጅ አሰልቺ ነው። ጥቅሙ የሚታየው የጠፋች ዕለት ነው።

ደግሞም ቴስት የማይፈውሰው ብዙ ሕመም አለ። ደመወዝን አያሳድግም። የተቆረጠ ኔትወርክ አይቀጥልም። ፕሮግራመሩ ነገሩን ከመጀመሪያው ተሳስቶ ከተረዳው ቴስቱንም ኮዱንም ተሳስቶ ይጽፈዋል፤ አረንጓዴው ያታልለዋል። የሺህ ሰው ሥራ የሚገናኝበት ትልቅ ሲስተም ላይ ለውጥን ቀስ በቀስ፣ መመለሻ መንገድ አዘጋጅቶ መልቀቅ የሚባል ሌላ ዲሲፕሊን ያስፈልጋል። ሪባን የሚቆረጥበት ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ «ለምርቃቱ አድርሱት» ለተባለ ቡድን ደግሞ ቴስት ብቻውን ምንም አያደርግለትም። የጭንቀቱ ምንጭ አለቃው ከሆነ መድኃኒቱም አለቃው ጋ ነው ያለው።

▪️ ታዲያ ምን ይደረግ?

በሐምሌ 2016 መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመሆን አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ የሚያስተምር ፕሮግራም ይፋ አድርጓል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ሰቆጣ ያለ ልጅም ስልክና ኢንተርኔት ካገኘ ተጠቃሚ ነው። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፦ አምስት ሚሊዮን ኮድ ጸሐፊ ስናፈራ፣ የጻፈውን መፈተሽ የሚያውቀው ስንቱ ይሆናል? ዛሬ ገንዘባችን ስልክ ውስጥ ገብቷል። ነዳጅ በስልክ ይከፈላል። መታወቂያችን ፋይዳ ሆኗል። ኮድ ስህተት ሲሠራ አንድ ድረ ገጽ ተበላሸ ብለን የምናልፍበት ዘመን አልፏል። የሰው እንጀራ ነው የሚቋረጠው።

ስለዚህ አራት ነገር እላለሁ።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችን፦ ቴስትን በአራተኛ ዓመት በአንድ ምዕራፍ የሚነገር ንድፈ ሐሳብ አታድርጉት። ተማሪው የመጀመሪያዋን ፕሮግራም ሲጽፍ ቴስቷን አስቀድሞ ይጻፍ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሶፍትዌር ለሚገዙና ለሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች፦ ውል ላይ «ሲስተሙ ይሠራል» ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም። «ቴስቶቹን ከነኮዱ አስረክቡን» በሉ። ሕንጻ ስትረከቡ የኮንክሪት ፍተሻ ውጤት ትጠይቁ የለም? ይህም እንደዚያው ነው።

ለአለቆች፦ ሌሊት ተነሥቶ የተበላሸውን የጠገነውን ልጅ «ጀግና» እያላችሁ ማጨብጨቡን ትታችሁ፣ ሌሊት ስልኩ የማይጠራውን ልጅ ሸልሙ። እሱ ነው ሥራውን ቀን የጨረሰው።

ለፕሮግራመሩ፦ አለቃህ እስኪፈቅድ አትጠብቅ፤ ያለውን ኮድ በሙሉ በአንድ ወር ቴስት ላልብሰው ብለህም አትነሣ። ተስፋ ትቆርጣለህ። ነገ አንድ ስህተት እንድታስተካክል ሲሰጥህ፣ ከማስተካከልህ በፊት ስህተቱን የሚያሳይ አንዲት ቴስት ጻፍ። ስትቀላ እያት። ከዚያ አስተካክል። ስትለመልም እያት። ያቺ ስህተት ከእንግዲህ ሌሊት አትቀሰቅስህም። በሚቀጥለው ሌላ። በየወንዙ አንድ ቆጠራ።

አክስቴ ያን ቀን ብራቸውን ሳያገኙ ሰቆጣ ዘመድ ቤት አደሩ። በማግስቱ ጠዋት ሲስተሙ «መጣ»። ብሩን ቆጥረው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩና ከመውጣታችን በፊት ወደ መስኮቱ ዞረው «እግዜር ይማረው በይልኝ ልጄ፤ ደህና አርፎ ይሥራ» አሏት።

ልጅቷ ማንን እንደሆነ አልገባትም። እኔ አሁን ገብቶኛል። ሲስተሙ ደህና እንዲያድር፣ ከኋላው ያለው ልጅ ደህና ማደር አለበት።

ቸር ሰንብቱ።